የፀሐይወርቅ ፊት

ኑ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ። አንቺ ልጅ ያዘልሽው፣ እዚህ ጥላው ላይ ተቀመጪ፤ ወንዶቹ ድንጋዩን ትችሉታላችሁ፣ ወገባችሁ ገና ነው። ዛሬ ሐይቁ ዝም ብሏል፣ ነፋስም ድምፄን አይወስድብኝም። እኔ የተማርሁት ከዳዊት ንባብና ከመሠረተ ትምህርት አያልፍም፤ ቃል አሳምሬ መደርደር አልችልበትም። ይህን ነገር ግን በዓይኔ አይቼዋለሁና እንደ አቅሜ ላጫውታችሁ። ደስ የምትል ወሬ አይደለችም፤ የምታሳፍር ናት። አብረን ነው የምናፍረው፣ አይዟችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ባሕር ዳር ያኔ እንዲህ አልሰፋችም። በሐይቁ ዳር በነበረው ቀበሌያችን የፍርድ ሸንጎ ዳኞች ሦስት ነበርን። ሰብሳቢያችን መምህር ወልደ ዮሐንስ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ቅን፣ ግን ያገራችንን ጓዳ ጎድጓዳ የማያውቅ ሰው ነበር። ሁለተኛው ሙሀመድየሱፍ ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሰው ሳያስቅ መዋል የማይሆንለት። ሦስተኛው እኔ ክንዱ፣ ጀልባ የምጠግን አናጢ። የምንዳኘው እንግዲህ የቧንቧ ወረፋ ጠብ ነው፣ አጥር የገፋ ነው፣ ዶሮው ጎመን የበላበት ነው። ከዚያ የከበደ ነገር ይመጣብናል ብለን አላሰብንም።

አንድ ቀን አስማማው ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ። አስማማው ወደ ደልጊ የምትሄደው መርከብ መካኒክ ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ናፍጣ ይሸታል። የያዝሁትን መጥረቢያ አስቀመጥሁ፣ ፊቱን አይቼ።

«አያ ክንዱ፣ ልጄን አጠፏት» አለኝ።

«ምነው? ሞተች እንዴ?»

«አልሞተችም። ብትሞት አልቅሼ እቀብራት ነበር። ይኸው አለች፤ ስጠራት አትሰማኝም።»

ልጅቱ ፀሐይወርቅ ትባላለች። እናቷ ወለላ ናት፤ ያች ዝምተኛ፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ቆንጆ ልጅ። ፀሐይወርቅ ያኔ ግማሽ ዓመቷ አልፏል፤ እኩዮቿ ቁጭ ማለት ጀምረዋል፣ እሷ ግን አንገቷ አልጸናም። ሲያነሷት ወደ ኋላ እንደ ቀስት ትለጠጣለች። እጆቿ ያለ እሷ ፈቃድ ይጠማዘዛሉ። ሸክላ ቢሰበር፣ በር ቢወረወር አትደነግጥም። አስማማው ሐኪም ቤት ወስዷት ሐኪሙ እያገላበጠ አያትና «ይህች ልጅ አራስ ሳለች ቢጫ ሆና ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ቢጫነት፣ እናንተ የወፍ በሽታ የምትሉት፣ በአራስ ልጅ ላይ ሲበረታ ወደ አንጎል ይወጣል አለው። በጊዜው ቢታይ ኖሮ ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ተልካ ትድን ነበር። «ማንም አላያትም?» አለው።

«ጤና ረዳቷ ቤታችን ድረስ መጥታ አይታታለች።»

«እንግዲያ እንዴት ሳይታያት ቀረ?» አለው ሐኪሙ።

ይህች ጥያቄ ናት አስማማውን እሳት ሆና የበላችው። ወደ ሸንጎው ያመጣትም ይህችኑ ጥያቄ ነው። ጤና ረዳቷ የብርጓል ትባላለች። ክሱ እንዲህ ነበር፤ አራስ ልትጠይቅ ቤታቸው ገብታ ሕፃኗን በቅጡ ሳታይ «ደኅና ናቸው» ብላ ሄደች፤ ስለዚህ የልጅቱ መስማትና መቆም በእሷ ጠፋ። ሸንጎው ጥፋተኛ ናት ካለ ጤና ጣቢያው ሊያባርራት ዝግጁ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ፖሊስ ነው። የብርጓል ገና ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው፤ ጎንደር ተምራ ነጭ ጋወኗን ለብሳ ስትመጣ እናቷ በቅዳሜ ገበያ፣ ማሰሮዎቿ መካከል ቆማ እልል ብላ ነበር። እናቷን ሁላችንም እናውቃታለን። ሸክላ ሠሪ ናት።

በመጀመሪያው ቀጠሮ አዳራሹ ሞላ። አዳራሽ ስል እንዳትስቁ፤ የአንድ ባላባት የእህል መጋዘን የነበረ ነው፣ መስኮቱ ከላይ ትንሽ ነው፣ የጤፍ ሽታው አልለቀቀም። አስማማው ከእናቱ ከወይዘሮ አገርነሽ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጠ። ወይዘሮ አገርነሽ ከመሸንቲ የመጡ፣ ምጥ ሲሰሙ ምሳቸውን ትተው የሚሮጡ፣ ስንቱን ያዋለዱ ሴት ናቸው። ወለላ ልጇን ታቅፋ ከጎናቸው አንገቷን ደፍታለች። የብርጓል ብቻዋን ቆማለች። በእሷ በኩል ያለው አግዳሚ ባዶ ነበር፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል እንጂ እዚያ አልተቀመጠም።

«ጓዲት የብርጓል» አለ መምህር ወልደ ዮሐንስ፣ «ወይዘሮ ወለላ በወለደች ሰሞን ቤቷ ሄደሻል?»

«ሄጃለሁ።»

«ሕፃኗን አይተሻታል?»

«ተኝታ ነበር» አለች።

«የተኛ ሰው አይታይም እንዴ?» አለ ሙሀመድየሱፍ። «እኔ ሱቄ ውስጥ ሳንቀላፋ እንኳን ደንበኛ፣ የመራዊ አውቶቡስ መንገደኛ ሁሉ ያየኛል።»

ሰው ሳቀ። የብርጓል አልሳቀችም።

«ፊቷን አላየሁም» አለች።

«ለምን?»

«አላየሁም፣ ጓድ ሰብሳቢ።»

«ለምን ነው የምልሽ።»

«አላየሁም።»

ወይዘሮ አገርነሽ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ደጃፍ ቆማ ነው የሄደችው! በርጩማ ሰጥተናት አልተቀመጠችም! መንግሥት ደመወዝ የሚከፍላት ቆማ እንድትሄድ ነው?»

የብርጓል ቀና ብላ አየቻቸው። ቁጣ አልነበረባትም፤ እንዲያው አየቻቸው። ወይዘሮ አገርነሽ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱና ተቀመጡ። ያ ስንት አፍ የሚመልስ አንደበት ያን ቀን ሁለተኛ አልተከፈተም። እኔም በልቤ፣ «እዚህ ውስጥ ያልተነገረ ነገር አለ» አልሁ። ሙሀመድየሱፍም ጉልበቴን ነካ አደረገኝ። መምህር ወልደ ዮሐንስ ብቻ ነው ያልገባው። ነገሩን ለሌላ ሳምንት ቀጠርነው።

ከዚያ ስንወጣ የብርጓልን በሐይቁ ዳር በሚወስደው መንገድ አገኘኋት። ዓሣ አውጪዎቹ ታንኳቸውን ወደ ደረቅ እየጎተቱ ነበር፤ እሷ ከእነሱ ርቃ ቆማ ውሃውን ታያለች።

«የብርጓል፣ ልጄ» አልኋት፣ «ዝም ብትይ እኮ ይፈረድብሻል።»

«ይፈረድብኝ፣ አያ ክንዱ።»

«ያልነገርሽን ነገር አለ።»

«እርስዎ ያውቁታል» አለችኝ። «ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እኔ በአፌ እንድናገረው ነው የምትፈልጉት? በአፌ ከምለው እስር ቤት ይሻለኛል።»

ምን ልበላት? እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድሁ፣ መልሼ ሰካሁት። «በይ፣ እግዜር ይርዳሽ» ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ። ዳኛ ተብዬ!

በሁለተኛው ቀጠሮ መምህር ወልደ ዮሐንስ ተዘጋጅቶ መጣ። እሱ እንዲያ ነው፤ ነገር ከያዘ እንደ ሒሳብ መምህርነቱ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ሐኪሙን ራሱ ሄዶ ጠይቆታል።

«ሐኪሙ የነገረኝ ይህ ነው» አለ። «ቢጫነቱ መጀመሪያ በፊትና በዓይን ነጭ ላይ ይታያል። ቆዳዋን በጣት ጫን ብሎ መልቀቅ ነው። ጨለማ ቤት ውስጥ ግን አይለይም፤ ልጁን ወደ ብርሃን ማውጣት ያስፈልጋል። ‹ጤና ረዳት ይህን ልታውቅ ትችላለች ወይ?› ብዬ ጠየቅሁት። ‹ተምራዋለች፤ በር ላይ አውጥታ ብታያት ባንድ ዓይን ትለየው ነበር› አለኝ።» ወደ የብርጓል ዞረ። «ተምረሽዋል?»

«ተምሬዋለሁ።»

«እንግዲያው ያን ቀን የሆነውን እዚሁ አሳዩን። ወይዘሮ ወለላ፣ ከመስኮቱ ሥር ነይ። እንደ አራስ ቤትሽ ተቀመጪ። አንቺም ጓዲት የብርጓል፣ እንደገባሽ አድርገሽ ግቢና እንዴት እንደቆምሽ፣ ምን እንዳደረግሽ እንይ።»

ወለላ ተነሥታ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ብርሃኑ በልጅቱ ፊት ላይ ወረደ። የምታምር ልጅ ነበረች እኮ! ዓይኗ ትልቅ ነው፣ ቅንድቧ የተሣለ ነው፤ ዓይኗን ግን ወደ ላይ ማንሣት አትችልም። ወይዘሮ አገርነሽ አጠገቧ ቆሙ። የብርጓል ከበሩ ተነሥታ ቀስ እያለች መጣች። ቀረበች፤ ጎንበስ አለች፤ ያችን ልጅ ያኔ ገና መጀመሪያዋ ይመስለኛል በቅርብ ልታያት ስትል።

ወይዘሮ አገርነሽ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈፉና የልጅቱን ፊት ሸፈኑት። ቀጥለው ወደ ጎን «እንትፍ፣ እንትፍ» አሉ።

አስበውበት አልነበረም። እጃቸው ነው ያደረገው። ሕፃን ሊወድቅ ሲል እጃችሁ እንደሚዘረጋ፣ እንዲያ ነበር።

የብርጓል እንዳጎነበሰች ቀረች።

ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ሁሉ አቀረቀረ። ሙሀመድየሱፍ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው፤ ቀልድ አላወጣም። ምክንያቱም ሁላችንም ያችን ነጠላ እናውቃታለን፣ ልጆቼ። የብርጓል በሰፈራችን ስታልፍ ስንት እናት ልጇን ወደ ጓዳ ትጠራ ነበር! ሸክላ ሠሪ ዘር ናት፣ ዓይኗ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ናት ተብሎ። በስብሰባ ላይ እጃችንን አንሥተን «የሥራ ክቡርነት» እንላለን፤ ያኔ መፈክሩ ነበር። ከእናቷ ማሰሮ ገዝተን ውሃ እንጠጣበታለን። የሷን ዓይን ግን እንፈራለን።

«እማማ» አለ መምህር ወልደ ዮሐንስ፣ እሱ የሸዋ ሰው፣ የብርጓል የማን ልጅ እንደሆነች የማያውቅ፣ «ልጅቱ ትታፈናለች እኮ፤ ለምን ሸፈኗት?»

ወይዘሮ አገርነሽ እጃቸውን አዩት። ነጠላውን ሊያነሡ ፈልገው ተዉት። ነጠላውን ያነሣችው ወለላ ናት።

«እንዲህ ነው ያደረግነው» አለች። ድምፅዋን ያን ቀን ነው የሰማሁት። «ያን ቀንም እንዲህ ነው።»

«አንቺ ልጅ!» አሉ አማትዋ።

«ልናገር፣ እማማ፤ ይብቃ። ልጄ ስትወለድ ጎረቤት ሁሉ ‹ወርቅ የመሰለች፣ ቀይ!› አለ። በኩራዝ ብርሃን ወርቅ ነበር የምትመስለው። ስሟንም ለዚያ ነው ፀሐይወርቅ ያልናት። ቀን ባለፈ ቁጥር ይበልጥ ወርቅ ሆነች። እኛም ይበልጥ ፈራንላት። መስኮቱን በጨርቅ ደፈንን፣ መጋረጃውን ደረብን። ከዚያ ጡት መሳብ ሰነፈች፣ እንቅልፍ አበዛች። ‹ይኸው ዓይን አረፈባት› አልን። እንዲህ ሆነን ሳለ የብርጓል መጣች።»

«ምን አለች?» አለ መምህሩ ዝግ ብሎ።

«‹ወደ በሩ ላውጣትና ልያት› አለች። እማማ ‹ብርድ ይመታታል› አሉ። ‹እንግዲያው ፊቷን ብቻ ግለጡልኝ› አለች። እማማ ልጅቱን ጋቢ ውስጥ ሸጉጠው…» ወለላ እንባዋ መጣ። «‹ዓይንሽን ለእናትሽ ማሰሮ አቆዪው› አሏት። እኔ ተኝቼ እሰማለሁ። እሷ እኔን አየችኝ፤ አንቺስ ምን ትያለሽ እንደማለት። እኔ ዞሬ ወደ ግድግዳ ተኛሁ። ‹ደኅና ናት፣ ምንም አልሆነችም› አልኋት፣ ወደ ግድግዳው። ከወጣች በኋላ የቆመችበት ላይ ውሃ ረጨን፤ ልጅቱንም ጤና አዳም አስሸተትናት። ከስንት ቀን በኋላ ቢጫው ሲለቅ ‹ዓይኑ ለቀቃት› ብለን ደስ አለን። በርጩማም አልሰጠናትም። እሱም ውሸት ነው።»

አስማማው ከአግዳሚው ተነሥቶ ቆሞ ነበር። «እናቴ» አለ። «እኔ ደልጊ ነበርሁ። መርከቡ ተበላሽቶ ደልጊ ነበርሁ። ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ልጅህን ላድን ብዬ ነው!» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ። ጮኸው ነበር ያሉት፤ መጨረሻው ላይ ግን ድምፃቸው ተሰበረ። «ላድናት ብዬ ነው፣ አስማማው።»

አስማማው ወዲያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ናፍጣ በበላው እጁ ፊቱን ሸፈነ። እሱ በእውነት ነበር የከሰሰው፤ ያን ነገር አያውቅም ነበር። የንጹሕ ሰው እፍረት ከሁሉ ይከፋል።

ከበሩ ዘንድ የቆመው የአብዮት ጥበቃ ወጣት ጠመንጃውን አስተካከለ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ ይህ የአድሃሪ ሥራ ነው! ሸክላ ሠሪን መስደብ በሕግ የተከለከለ ነው። አሮጊቷን ልውሰዳት?»

«አትንካቸው» አለች የብርጓል።

ቀና ብላለች አሁን። ጋወኗን በሁለት እጇ ጨብጣ ይዛለች፤ እንደ ልጅ።

«እማማ አገርነሽ ያሉትን ብለዋል። እሱ እውነት ነው። ግን ክሱ ስለሳቸው አይደለም፣ ስለኔ ነው። እኔ ምን ተምሬ ነው የመጣሁት? ሕፃን ካልታየ ‹አልታየም› ማለት ተምሬያለሁ። በሩን ክፈቱ ማለት እችል ነበር። ባይከፍቱልኝ ጣቢያ ሄጄ ‹አላሳዩኝምና ሌላ ሰው ይሂድ› ማለት እችል ነበር። ከዚያ ግን ‹ለምን አላሳዩሽም?› ይሉኛል። ለዚያ ምን ብዬ ልመልስ? ያችን ቃል በራሴ አፍ ልናገራት? ልጅቱ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ልቅሶዋ ደካማ ነበር፤ እንደ ድመት ግልገል። አውቄዋለሁ። እግሬ ግን ወደ ደጅ ወጣ። ጣቢያ ደርሼ ‹ደኅና ናቸው› አልሁ። እማማ ልጅቱን ከኔ ሸሸጓት፤ እኔ ደግሞ ራሴን ከስድብ ሸሸግሁ። በመካከላችን ልጅቱ ቀረች።»

ከዚያ ወለላ ፊት ተንበረከከች። ልጅቱን ለማየት ነበር። ወለላ ራሷ ልጇን ወደ እሷ አዞረቻት። ፀሐይወርቅ ምኑን ታውቃለች፤ እጇ እየተጠማዘዘ የየብርጓልን አፍንጫ ነካ፣ ሳቀችም። ሳቋ ድምፅ አልነበረውም።

እኛ ሦስቱ ዳኞች ከመጋዘኑ ኋላ ሄድን። መምህር ወልደ ዮሐንስ ፊቱ ቀልቷል።

«ሁሉም ይታሰሩ!» ይላል። «አሮጊቷ ትታሰር! ይህን እያወቀ ዝም ያለ ሁሉ ይታሰር!»

«መምህር» አለ ሙሀመድየሱፍ፣ «ቀበሌውን ሁሉ ልታስር ነው? እስር ቤቱን ማን ይጠብቅ? ቁልፉን ለማን ትሰጣለህ? እኔ አልቀበልህም፤ እኔም ከነዚያው ነኝ።»

መምህሩ ሁለታችንንም አየን። ያኔ ነው ነገሩ የገባው። ቁጣው በረደ፤ ሌላ ነገር ተተካበት፣ እሱ ሳይበድል ስለኛ ያፈረ ይመስል። «ታዲያ ምን እንበል?» አለ።

ብዙ ተከራከርን። በኋላ ያልነው ይህ ነው። የብርጓል ሳታይ «ደኅና ናቸው» በማለቷ አጥፍታለች፤ ማስጠንቀቂያ ይሰጣት፣ ከሥራዋ ግን አትነሣ። የከሳሽ ቤተ ሰብም ሕፃኗን ከመታየት በመከልከሉ አጥፍቷል፤ ወይዘሮ አገርነሽ በቀበሌው ሕዝብ ፊት ቆመው ያደረጉትን በአፋቸው ይናገሩ። ይኸው ነው። ትንሽ ፍርድ ነበር። ለዚያች ልጅ ጆሮና ጉልበት የሚመልስ ፍርድ በእጃችን አልነበረም።

ወይዘሮ አገርነሽ በስብሰባው ቀን ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ከሕዝቡ ፊት ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቃል አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። ስንቱን ያዋለዱ ሴት፣ የቀበሌውን ግማሽ በእጃቸው የተቀበሉ ሴት! ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። ለእርዳታ የተነሣ አልነበረም፤ የሚረዳቸው ሰው የራሱን ነገር አብሮ መናገር ይኖርበታል። በመጨረሻ፣ «እኔ… ሸፈንኋት» አሉ። ሌላ አላሉም። ተቀመጡ። የብርጓል ከኋላ ቆማ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ከዚያ ቀን በኋላ ዓለም ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም። የብርጓል ከማንም ቤት ስትገባ የመጀመሪያ ቃሏ «በሩን ክፈቱልኝ» ሆነ። የሚከፍቱላት ነበሩ። «ነገ ነይ» የሚሏትም ነበሩ። እሷ ግን ደጁ ላይ ትቀመጣለች። በርጩማ ባይሰጧት ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ሕፃኑን ሳታይ ንቅንቅ አትልም። «ስድቡን ጨርሱና ልጁን አምጡልኝ» ትል ነበር አሉ፣ እየሳቀች። ያ ሳቅ ምን ያህል እንዳስከፈላት እሷ ታውቃለች።

አሁን የመጨረሻዋን ላጫውታችሁ። ወለላ ሌላ ልጅ ወለደች፤ ወንድ። ሲወለድ እሱም ወርቅ መሰለ። እኔ ያን ቀን የአስማማውን በር መዝጊያ ልጠግን ሄጄ ነበር፤ ለምን እንደተጠራሁ ስደርስ ነው የገባኝ። መዝጊያው ከማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ወይዘሮ አገርነሽ ነቅለውታል፣ በዚያ እድሜያቸው። «ብርሃን እንዲገባ ብዬ ነው፤ ሲጨርሱ ትመልሰዋለህ» አሉኝ፣ ሳያዩኝ። የብርጓልን ያስጠሩትም እሳቸው ናቸው። በስሟ።

የብርጓል መጣች። ሕፃኑ በበሩ መድረክ ላይ፣ ቁርበት ላይ ተኝቷል፣ ፊቱ ተገልጦ፣ ፀሐዩ መጥቶበት። ወይዘሮ አገርነሽ በርጩማ አቀረቡላት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ጀርባቸውን ሰጡን፤ ወደ ግድግዳው ዞረው ቆሙ። ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘዋል። ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም ነበር፣ ልጆቼ። ያ ለዓመታት ያደገ ነገር ባንድ ሸንጎ አይነቀልም። እጃቸው እንደገና እንዳያደርገው ፈርተው ነው የዞሩት።

«እዪው» አሉ ለግድግዳው። «እንደ ልብሽ እዪው፣ ልጄ።»

የብርጓል ጎንበስ ብላ አየችው። ግንባሩን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። ደረቱን፣ ሆዱን። የዓይኑን ነጭ አየች። ከዚያ ብድግ ብላ «አስማማው፣ መኪና ፈልግ። አሁን» አለች።

ልጁ ተረፈ። ዛሬ የመራዊን መንገድ አውቶቡስ እየነዳ የሚመላለሰው እሱ ነው፤ ጥሩምባውን ያለ ቅጥ የሚነፋው። ተሳፍራችሁበታል።

ፀሐይወርቅ ግን ብዙ አልቆየችም። እስካለች ድረስ ወይዘሮ አገርነሽ ጠዋት ጠዋት አዝለዋት እዚህ ሐይቁ ዳር ይመጡ ነበር፣ ይኸው እናንተ ከተቀመጣችሁበት። አውርደው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጧታል፤ ነጠላውን ከፊቷ ገልጠው አጥፈው ከሥራቸው ያደርጉታል። የሚያልፍ ሁሉ እንዲያያት። እሷ ትልልቆቹን ነጫጭ ወፎች ስታይ ድምፅ በሌለው ሳቋ ትስቃለች። የብርጓልም ወደ ሥራ ስትሄድ ቆም ብላ ጉንጯን ትነካታለች። ሁለቱ ሴቶች ብዙ አይነጋገሩም ነበር። አንዷ ትቀመጣለች፣ አንዷ ትቆማለች፣ ልጅቱ በመካከላቸው ናት።

አንቺ፣ ልጅ ያዘልሽው፣ እስቲ ሻሹን ከፊቱ ገለጥ አድርጊው። አዎ፣ እንዲህ። እንየው። ማማሩ!

በሉ እንግዲህ፣ ፀሐዩም ከበደ፣ ሂዱ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። አራስ ቤት ስትገቡ በሩን ስትከፍቱ፣ ደጅ የቆመችውንም ሰው ግቢ ስትሉ፣ ያችን ፊቷ የተሸፈነውን ልጅ፣ ፀሐይወርቅን፣ አስቡልኝ።